12 ቶኑ ክሪክ አልገባም

የአሮጌው የጦር መኪናዬ፣ የዶጁ፣ ጎማ የተነፈሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው። ጉድጓድ የለ፣ ድንጋይ የለ። የፊት ግራው ቀስ ብሎ ወረደ፣ መሪው ወደ ግራ ጎተተኝ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። አልተናደድኩም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኛል። ከሳምንት በፊት አዲስ የዘይት ክሪክ፣ መኪና ማንሻ፣ ገዝቼ ነበር። ቀይ ነው፣ ሆዱ ላይ በትልቁ "12 ቶን" ተጽፎበታል፣ እሱን ራሱን ለመሸከም ሁለት እጅ ያስፈልጋል። የምፈትንበት ቀን መጣ አልኩ።

አውርጄ ከአክስሉ፣ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ወፍራም ብረት፣ ስር ልከተው ስል አልገባ አለ። አዞርኩት። በሌላ በኩል ሞከርኩ። መሬት ላይ ተጋድሜ አየሁ። ሁለት ጣት ያህል ይበልጣል። ዶጁ የተነፈሰ ጎማው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጧል፣ 12 ቶኑ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል።

ያን ቀን ያዳነኝ አካፋው ነው። ከአክስሉ ስር መሬቱን ቆፍሬ ለክሪኩ ጉድጓድ አበጀሁለት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ልጅ በብስክሌት ሲያልፍ ቆመና "ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?" አለኝ። "ልቦናዬ" ልለው ነበር፣ ዝም አልኩ።

መኪናዬ ዶጅ ኤም 37 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1968 ለአሜሪካ ጦር ሲሠራ የነበረው፣ "የሦስት አራተኛ ቶን" የሚባለው። ይህ ስም የመኪናው ክብደት አይደለም፤ ከመንገድ ውጭ ሲሄድ እንዲጭን የተፈቀደለት ነው፣ 680 ኪሎ ገደማ። ባዶውን 2.6 ቶን አካባቢ ይመዝናል። ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ 78 የፈረስ ጉልበት፣ 24 ቮልት ኤሌክትሪክ። አይፈጥንም። እኔም አልቸኩልም።

እንዲህ ያለ መኪና ከጦር ሰፈር ሲወጣ ዕቃው ሁሉ አብሮት አይወጣም። ሞተሩና ካምቢዮው በብሎን ስለታሰሩ ይቀራሉ። በእጅ የሚነሳው ነገር ግን እግር ያወጣል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ክሪኩ ነው፣ ምክንያቱም ክሪክ ለማንኛውም መኪና ይሆናል ብሎ ሁሉም ሰው ያስባል። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ሱቅ ገብቼ የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ቶን ያነሳል? ሻጩም ደስ ብሎት መለሰልኝ። ትልቅ ቁጥር ለመሸጥ ይቀላል።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥያቄው ከንቱ ነበር። ዶጁ ከነጭነቱ 3.3 ቶን ገደማ ነው። ክሪክ ደግሞ ጎማ ለመቀየር ሲሆን መኪናውን በሙሉ አያነሳም፤ አንዱን ጥግ ነው የሚያነሳው። ይህ ከ1 ቶን ብዙም አይርቅም። 3 ቶን የሚያነሳ ክሪክ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። ቶኑ በጨመረ ቁጥር ሲሊንደሩ ይወፍራል፣ መሠረቱ ይሰፋል፣ ቁመቱም አብሮ ይረዝማል። የኔው ቀዩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እንኳ 24 ሴንቲ ሜትር ነው። የከፈልኩበት ጉልበት ራሱ ነው ስር እንዳይገባ ያደረገው።

ቤት ስደርስ ሜትር አወጣሁ። መጀመሪያ ጎማው ሙሉ አየር እንዳለው፣ ከመሬት እስከ አክስሉ ቱቦ ሆድ ድረስ ለካሁ፤ ባሌስትራው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ፣ ከተቀመጠበት አጠገብ። 35 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ የጎማውን ቫልቭ ፈትቼ ደህናውን ጎማ ሆን ብዬ አስተነፈስኩት። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ነበር፤ ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም። ጎማው እየተሸበሸበ ወረደ፣ ቸርኬው ላስቲኩን መሬት ላይ ተጫነው፣ እንደገና ለካሁ። 21 ሴንቲ ሜትር። አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። ይህንን ያህል ይወርዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህ የታችኛው ልክ ነው። የላይኛውም አለ። የተነፈሰውን አውጥተህ በአየር የተሞላውን ስኮርታ፣ መለዋወጫውን ጎማ፣ ስታስገባ፣ ስኮርታው ክብደት ስላላረፈበት ሙሉ ክብ ነው፤ ስለዚህ አክስሉ ከ35ም በላይ ከፍ ማለት አለበት። በእኔ መኪና 40 ሲደርስ ነው ጎማው ሳይታገል የሚገባው። እንግዲህ የምፈልገው ክሪክ ከ21 በታች መተኛት፣ ከ40 በላይ መቆም የሚችል ነው። ቶኑን እርሱት። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከስሩ ጣውላ ይገባል፣ ጣውላው ከታች ያለውን ቦታ ይበላል። 21 የነበረው 18 ይሆናል።

ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ ያላቸው ትላልቅ የጦር መኪናዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። አንዱ ቢተነፍስ ጓደኛው ይይዘዋል፣ አክስሉ እምብዛም አይወርድም። የውጭኛው ከሆነ የተነፈሰው የውስጠኛውን ወፍራም ጣውላ ላይ ማውጣት ነው፤ የውጭኛው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ክሪክም አያስፈልግ። የኔው ዶጅ በየጥጉ አንድ ጎማ ነው ያለው። የሚይዝለት የለም።

ፍለጋው ሁለት ወር ወሰደ። መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ አሮጌው ነበር። ያረጀ የጦር መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት፦ ዕቃው ሁሉ የጥንቱን መምሰል አለበት። ከብረት ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ አንድ በመጠምዘዝ የሚነሳ ክሪክ አገኘሁ። ከዝገቱ ስር የወታደር አረንጓዴ ቀለም ይታያል። በናፍጣ ዘፍዝፌ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ጥርሱን ግሪስ ቀብቼ አዞርኩት። እንደ ቅቤ ዞረ። እንዲህ ዓይነት ክሪክ ዘይት የለውም፣ ዘይቱን የሚያፍን ላስቲክ፣ ጎሚኒ፣ የለውም፣ አያፈስም። የብሎኑ ጥርስ ተዳፋቱ ትንሽ ስለሆነ ክብደቱ ራሱ መልሶ ሊያዞረው አይችልም፤ ባቆምክበት ይቆማል። ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

የጦር መኪና ሲጠግኑ ያረጁ አንድ መካኒክ አውቃለሁ። ክሪኩን ይዤ ሄድኩ። በእጃቸው መዘኑት፣ አገላብጠው አዩት፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ቆንጆ ነው" አሉኝ። "ተጠምዝዞ ሲወርድ ስንት ነው?"

"27።"

"አክስልህስ?"

"ሲተነፍስ 21 ነው ጋሼ።"

ምንም አልተናገሩም። ሻያቸውን ጠጡ። እኔም ክሪኬን ይዤ ተመለስኩ። አሁን መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ።

ረጅሙን ባለ ቀዳዳ ክሪክም ሞከርኩ፤ በጥርስ በጥርስ የሚወጣውን፣ ጂፕ ነጂዎች ኋላ ላይ የሚያስሩትን። ብዙ አላቆየሁትም። እሱ የሚይዘው ባምፐሩን ወይም ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ ነው። ሻንሲውን ስታነሳ ባሌስትራው ይለጠጣል እንጂ ጎማው መሬት እንደነካ ይቀራል፤ መኪናው ሰማይ ሊነካ ሲደርስ ነው ጎማው የሚለቀው። እስከዚያ ሁሉም ነገር እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ጭቃ ውስጥ ሌላ ጥቅም ይኖረዋል። ለጎማ ቅያሪ ግን አክስሉን ከስር የሚይዝ ነገር ይሻላል።

በመጨረሻ ያገኘሁት መልከ ጥፉ ነገር ነው። ባለ ሁለት ደረጃ የዘይት ክሪክ፤ አንዱ ዘንግ ከሌላው ውስጥ እየተመዘዘ የሚወጣ። ሲወርድ 18፣ ሁለቱም ሲወጡ ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ተጨምሮ 42። 6 ቶን። ከሌላ ሰው እጅ ነው የገዛሁት፣ ቀለሙ ተላልጧል። መጀመሪያ ቀን ሳነሳ ግማሽ ድረስ ወጣና እንደ ስፖንጅ ሆነ። ተጫንኩ፣ ተመለሰ። የሞላበት ዘይት የፍሬን ዘይት ነበር። የፍሬን ዘይት ለክሪክ ጎሚኒ መርዝ ነው፤ ላስቲኩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ፈትቼ ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ፣ ትክክለኛውን የሃይድሮሊክ ዘይት ሞላሁ፤ ሲሞላ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወርዶ መሆን አለበት። ከዚያ የማውረጃውን ቫልቭ ከፍቼ እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አሥር ጊዜ ያህል በባዶው ነፋሁት፣ ውስጡ የገባው አየር ወጣ። ቫልቩን ዘጋሁ። ድንጋይ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ነገሩ ስለሚገርመኝ። ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነገር ነው፦ የታፈነ ፈሳሽ ላይ ያሳረፍከው ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1795 በዚሁ ሐሳብ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አወጣ። የኔ ክሪክ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። እንበልና ትንሿ ፒስቶን ከዳር እስከ ዳር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 3 ሴንቲ ሜትር ናቸው። የወለላቸው ልዩነት 9 እጥፍ ነው። እጀታው ደግሞ በ15 ያባዛል። 10 ኪሎ ጉልበት 1,350 ኪሎ ይሆናል። ነጻ ስጦታ ግን አይደለም። ትንሿ 2 ሴንቲ ሜትር ስትወርድ ትልቁ የሚወጣው ከሩብ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ለማንሳት 90 ጊዜ መንፋት ነው። የቶን ወዳጆች ይህንን ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየራል።

አሁን ስለ ሞኝነቴ ልናገር። ክሪኩን የሞከርኩት ግቢ ውስጥ፣ የኋላ ቀኙን በማንሳት ነው። የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ሳብኩ። ከጎማ ስር የሚሸጎጥ ታኮ አላደረግኩም፣ መሬቱ ሜዳ ነው ብዬ። ካምቢዮውም ዜሮ ላይ ነበር። ጎማው ከመሬት በለቀቀባት ቅጽበት ዶጁ ወደፊት መሄድ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ያለ ምንም ድምፅ። ክሪኩ አዘመመ፣ ከዚያ ዘጭ አለ። እኔ ወደ ኋላ ዘልያለሁ። ማንም አልተጎዳም፣ ከአበባው መደብ በስተቀር።

ለእኚያው ሽማግሌ መካኒክ ስነግራቸው አልሳቁም። "የእጅ ፍሬንህ የት ነው የሚይዘው?" አሉኝ። ጎማው ላይ ነዋ፣ አልኩ። አይደለም። በኤም 37 የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹን አይዝም። ከካምቢዮው ኋላ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ጀርባ ላይ አንድ ከበሮ አለ፤ ፍሬኑ የሚይዘው ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ ነው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬት እስከነኩ ድረስ ይህ ይበቃል። አንዱን ስታነሳ ግን ዲፈረንሻሉ፣ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የአክስሉ ማርሽ፣ ሥራውን ይሠራል፦ ዘንጉ ታስሮ ቆሞ ሳለ፣ አየር ላይ ያለው ጎማ ወደ ኋላ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለው ወደፊት ይንከባለላል። ፍሬኑ እንደተሳበ መኪናው ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቀን ያልሄደብኝ የተነፈሰው የፊት ጎማ ስለነበረ ብቻ ነው። ዕድል ነው። አሁን ከክሪኩ በፊት የሚወርደው ታኮ ነው፤ ሁለት፣ በሰያፍ ማዶ ባለው ጎማ ፊትና ኋላ። የኋላውን የማነሳ ከሆነ የፊት አክስሉንም ማርሽ አስገባለሁ፣ ያኔ የፊት ጎማዎቹም ከዘንጉ ጋር ይታሰራሉ። ታኮው ግን አይቀርም።

የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን ሳላነሳ አላልፍም። የዶጁ የግራ ጎማዎች ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ ጎማው ሲዞር እንዳይላላ ተብሎ። ብዙዎቹ ላይ "ኤል" የምትል ፊደል ተቀርጻለች። ያንን ያላወቀ ሰው መፍቻው ላይ ቆሞ፣ በሙሉ ክብደቱ እየዘለለ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ያጠብቃል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልናገርም። ዳዶ የሚላላው ደግሞ መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው መሬት እንደያዘ ነው።

የቀረው የክሪኩ ማስቀመጫ ነበር። ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ካሶኒው፣ የጭነት ሳጥኑ፣ ውስጥ ጣልኩት። ጭነት ስጭን ከስር ቀረ። የጎማ ቀን ሲመጣ ጭነቱን ሁሉ አውርዶ ክሪክ መፈለግ ነው፣ በዝናብም ይሁን በጨለማ። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ፣ ወንበሩ ስር በጎኑ አጋድሜ አስቀመጥኩት። ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ የዘይት ክሪክ በጎኑ ሲከርም በመሙያው ክዳን በኩል ቀስ እያለ ያለቅሳል፣ በምትኩ አየር ይገባል። ወለሉ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል የዘይት እድፍ አገኘሁ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ እጀታው ተንሸራቶ ወጣና ፍሪሲዮን ፔዳሉ ስር ተጋደመ። ማርሽ ልቀይር ስረግጥ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እጀታውን በእግሬ እየገፋሁ፣ መሪ እየያዝኩ፣ የወረድኩትን ቁልቁለት እስካሁን አልረሳውም። ክሪኩ ራሱ ቢሆንስ ኖሮ? ስድስት ኪሎ ብረት ነው። ጋቢና ውስጥ ያልታሰረ ብረት መኪናው ሲቆም አይቆምም።

ስለዚህ በያጅ ዘንድ ሄድኩ። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። አንድ ወፍራም ላሜራ ላይ የክሪኩን መሠረት ዙሪያውን የሚይዝ አጭር የብረት ከንፈር በየደልኝ፤ ላሜራው ከተሳፋሪው ወንበር ስር ወለሉ ላይ በአራት ብሎን ታሰረ። ክሪኩ ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። ከላዩ የወንበሩ ብረት አለ። እሱ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ለጠፍኩ። አሁን ክሪኩን አስቀምጬ ጫፉ ላይ ያለውን ብሎን በጣቴ እያዞርኩ ወደ ላይ አወጣዋለሁ፤ ላስቲኩን ይነክሳል፣ ክሪኩ በወለሉና በወንበሩ መሃል ተወጥሮ ይቀራል። በእጀታ አላነፋውም፣ ወንበሩን ሊያነሳው ይችላል። ጥርሱ በንዝረት ቀስ ብሎ እንዳይላላ አንድ ቀበቶ ዞሮ ያስረዋል።

እጀታው ሁለት ቁራጭ ነው። ክሪክ ያለ እጀታ ምንም ማለት አይደለም። መንፋት ብቻ ሳይሆን ማውረጃውን ቫልቭ የሚያዞረውም የእሱ ጫፍ ነው፤ ከጠፋ መኪናህን አንስተህ ማውረድ ያቅትሃል። ሁለቱን ከጎማ መፍቻው ጋር በሸራ ጠቅልዬ ከክሪኩ ጎን በሌላ ቀበቶ አስሬአለሁ። ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ጣውላ፣ ሁለት ታኮ፣ አንድ ጥንድ ጓንት። ሁሉንም ለመድረስ የተሳፋሪውን በር ብቻ መክፈት ነው። የተሳፋሪው በር ከመንገዱ ዳር፣ መኪና ከማያልፍበት በኩል ስለሆነ ነው እዚያ ያደረግኩት።

ባለፈው ወር ማታ፣ ሲያካፋ፣ የኋላ ግራው ተነፈሰ። ታኮ፣ የፊት ማርሽ፣ ዳዶ በተቃራኒው፣ ጣውላ፣ ክሪክ። ክሪኩ ስር ሲገባ ከላዩ ምንም ያህል ክፍተት አልተረፈም፤ ገባ ግን። ነፋሁ። መቁጠር ጀምሬ ስልሳ ላይ ጠፋብኝ። የወጣውን ጎማ ለክፉ ቀን ሻንሲው ስር አጋደምኩት፣ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው እሱ ላይ እንዲያርፍ። ስኮርታው ገባ፣ ቫልቩን በሩብ ዙር ከፈትኩ፣ ዶጁ እየተነፈሰ ወረደ። ሃያ አምስት ደቂቃ።

ክሪኩን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ቦታው መለስኩት፣ ብሎኑን በጣቴ አጠበቅኩ፣ ቀበቶውን ሳብኩ። መንገድ ስጀምር ከኋላ አንድ ነገር ይንቃጨል ነበር። ቆሜ አየሁ፤ ክሪኩ ንቅንቅ አላለም፣ እጀታውም አላለም። አካፋው ነው መሰለኝ። እሱን ገና አላሰርኩትም።